ላሟ ለምን አልያዘችም?

ለወልቂጤና ለቡታጅራ የወተት ላም አርቢዎች፣ አዳቃይ ቴክኒሻኖችና የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች የቀረበ ዲስኩር

  ዛሬ በአስተዳደር ቡታጅራ የምሥራቅ ጉራጌ ዞን ከተማ ናት፤ ወልቂጤ የጉራጌ ዞን። ስለ ላሞቻችሁ የምትጠይቁት ጥያቄ ግን አንድ ዓይነት ነው።

«ላሜ ወለደች፤ ወተቷም ደኅና ነው። ሦስቴ አዳቀልኳት፣ አራቴ አዳቀልኳት፤ አልይዝ አለች። ምን ሆና ነው?»

ይህ ጥያቄ በተነሣ ቁጥር ተከሳሽ አይጠፋም። አንዱ አዳቃዩን «እጁ አይቀናውም» ይለዋል። ሌላው «የማቀዝቀዣው ናይትሮጅን አልቆ አባለዘሩ ሞቶ ነው» ይላል። ሦስተኛው ዓይን በልቷታል ብሎ ጠበል ያስረጫታል። ሁሉም ተሞክሮ ካልሆነ መስቀል ሲቃረብ ላሟ ለሥጋ ትሸጣለች። ገና ሁለተኛ ጥጃዋን የወለደች፣ ገና ብዙ የምትታለብ ላም «መሲና» ተብላ ትሄዳለች።

ከክሶቹ እውነትነት ያላቸው አሉ። በጓሮ ታስራ የምትውል ላም ድራቷ ሳይታይ ያልፋል። በሰንበትና በበዓል ቀን አዳቃይ ይጠፋል። ናይትሮጅንም የሚቸግርበት ጊዜ አለ። ሳይጠየቅ የሚቀረው ግን ይህ ነው፤ አባለዘሩ ሲያርፍበት ማኅፀኑ ከወሊዱ አገግሞ ነበር ወይ? አልይዝ ካሉት ላሞች ብዙዎቹ የታመሙት አዳቃዩ ከመጠራቱ አስቀድሞ፣ ከወለዱ በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ሳምንታት ነው። ስለዚህ ዛሬ ላሳምናችሁ የመጣሁት በአንድ ነገር ነው። አልትራሳውንድ የሚባለውን መሣሪያ እርግዝና ለማረጋገጥ እስክንጠራው አንጠብቅ፤ ላሟ በወለደች በሠላሳኛው ቀን ገደማ ባዶውን ማኅፀን እንይበት።

ሒሳቡን አብረን እንሥራ። የላም እርግዝና 280 ቀን ገደማ ነው። ዓመት 365 ቀን ነው። በየዓመቱ ጥጃ ይገኝ ከተባለ ላሟ በወለደች በ85 ቀን ውስጥ መያዝ አለባት። ከዚህ ውስጥ ማኅፀኑ ወደ ቦታው እስኪመለስ 40 ቀን ያህል ይሄዳል። የሚተርፈው 45 ቀን ነው። ድራት የሚመጣው በየ21 ቀኑ ስለሆነ በእጃችሁ ያለው ዕድል ሁለት ድራት ብቻ ነው። ሁለቱ ድራት ባልዳነ ማኅፀን ላይ ከባከኑ ዓመቱ አመለጠ ማለት ነው።

ያመለጠው ስንት ነው? እንበል ላሟ አዲስ ስትወልድ በቀን 12 ሊትር ትሰጣለች፤ ወደ መንጠፉ ስትቃረብ ደግሞ 5 ሊትር። ሦስት ድራት ዘገየች እንበል፤ 63 ቀን ነው። በእነዚያ ቀናት 12 ሊትር መታለብ ሲገባት 5 ሊትር ታለበች። በቀን የ7 ሊትር ልዩነት በ63 ቀን 441 ሊትር ይሆናል። ፉርሽካውና ፋጉሎው ግን አልቀነሰም፤ ድርቆሹም አልቀነሰም። ሌላም ጉዳት አለ። ሁዳዴ ሲገባ ወተት ገዢ እንደሚያጣ፣ ረመዳን ሲመጣ ደግሞ እንደሚፈለግ የቡታጅራ ሰው ያውቃል። ላሟ መቼ እንደምትይዝ የማያውቅ አርቢ ወተቱ መቼ እንደሚበዛለትም አያውቅም፤ ገበያው በፈለገው ጊዜ የሚሸጠው አይኖረውም። «ላም አለኝ በሰማይ» የሚባለው እንግዲህ ይህ ነው።

አሁን ወደ ማኅፀኑ እንግባ። ላም በወለደች ዕለት ማኅፀኗ 9 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። በሠላሳ ቀን ውስጥ ተኮማትሮ ወደ አንድ ኪሎ ይወርዳል። ከሰውነቷ ክፍሎች በዚህ ፍጥነት የሚለወጥ ጥቂት ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ደም የተቀላቀለበት፣ ቡናማ፣ ኋላም እየጠራ የሚሄድ ፈሳሽ ይወጣል። ሽታ ከሌለውና ላሟ ከበላች ይህ የጤና ነው፤ ማኅፀኑ ራሱን እያጠበ ነው። ሊገርማችሁ የሚችለው ደግሞ በእነዚህ ሁለት ሳምንታት ከአሥር ላሞች በስምንቱ፣ ምናልባትም በአሥሩም ማኅፀን ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ ነው። በሩ ተከፍቶ ጥጃ ሲወጣ ከጋጣው ወለል ወደ ውስጥ መግባቱ አይቀርም። ጤነኛዋ ላም ባክቴሪያውን በነጭ የደም ሴሎቿ ትዋጋዋለች፤ በሦስትና በአራት ሳምንት ታሸንፈዋለች። የምትታመመው ማሸነፍ ያቃታት ናት።

ለምን ያቅታታል? አንደኛው ምክንያት የእንግዴ ልጅ መቅረት ነው። ከወለደች በ24 ሰዓት ውስጥ ያልወጣ የእንግዴ ልጅ በማኅፀን ውስጥ ይበሰብሳል፤ ለባክቴሪያ ግብዣ ነው። ሁለተኛው የምጥ ችግር ነው። ትንሽ ጊደር በትልቅ ሆልስታይን አባለዘር ስትዳቀል ጥጃው ይገዝፍባታል፤ በጉተታ ሲወጣ ማኅፀኗ ይቆስላል። መንታ መውለድም፣ ጽንስ ማስወረድም እንዲሁ ያጋልጣል። ሦስተኛው የካልሲየም ማነስ ነው። ብዙ ወተት የምትሰጥ ላም በወለደች ሰሞን ካልሲየሟ ወደ ወተቱ ስለሚፈስ ጡንቻዋ ይዝላል፤ ማኅፀንም ጡንቻ ነውና መኮማተር ያቅተዋል። አራተኛው ረኃብ ነው። በወለደች ሰሞን ከምትበላው በላይ ትታለባለች፤ ከሰውነቷ እየበላች ስትከሳ የመከላከል አቅሟ አብሮ ይወርዳል። አምስተኛው የምትወልድበት ቦታ ነው። በከተማ ጓሮ፣ ጠበብ ባለ ጋጣ፣ ሽንትና እበት በተኛበት ወለል ላይ የምትወልድ ላም ሁኔታ በመንደሩ መስክ በጅፎረው ላይ ስትግጥ ከምትውል ላም ሁኔታ ጋር አንድ አይደለም።

እዚህ ላይ አረጋውያን አባቶች የሚያነሡት ተቃውሞ አለ። «በአባቶቻችን ዘመን አልትራሳውንድ ነበር ወይ? ላሞቻቸው አልወለዱም ወይ?» ወልደዋል። የአባቶቻችን ላም የሀበሻ ላም ናት። በቀን ሁለት ሊትር ትሰጥ ነበር፤ ጥጃዋን በገዛ ጉልበቷ ትወልድ ነበር፤ ኮርማውም አብሯት ይውል ስለነበር ድራቷን የሚያውቀው እሱ ነበር። በሁለት ዓመት አንዴ ብትወልድም እበቷ እንሰቱን ስለሚያለማ ባለቤቷ አይከስርም ነበር። የዛሬዋ ዲቃላ ላም ግን የተገዛችው ለወተቷ ነው፤ መኖዋም በገንዘብ ይገዛል። የድሮውን ትዕግሥት ልንጠይቃት አንችልም።

የማኅፀን ሕመም በቀን ቆጠራ ይለያል። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት፣ በተለይም በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት የሚመጣው ከባዱ ነው። ፈሳሹ ውኃ መሳይ፣ ቀይ ቡናማ፣ የሚከረፋ ይሆናል፤ ትኩሳቷ ከ39.5 ዲግሪ ያልፋል፤ መኖ ትጠላለች፤ ወተቷ ይወርዳል። ይህችን ላም ማንም ሰው ያውቃታል፤ ሐኪምም ይጠራላታል። ሁለተኛው ከ21 ቀን በኋላ የሚታየው ነው። ላሟ ትበላለች፣ ትታለባለች፣ ትኩሳት የላትም፤ ነገር ግን ስትተኛ ከኋላዋ መግል ጠብ ይላል። ሦስተኛው ምንም ምልክት የሌለው ነው። መግል አይወጣም፤ በማኅፀኑ ግድግዳ ላይ ግን ብግነቱ አልበረደም፤ የሚያርፍበትን ጽንስ አያሳድርም። አራተኛው መግል ሞልቶ በሩ የተዘጋ ማኅፀን ነው። ይህችኛዋ ድራት አታሳይም፤ ባለቤቷም «ይዛለች» ብሎ ተደስቶ ወራት ይጠብቃል።

ከአራቱ ባለቤቱ በዓይኑ አይቶ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ነው። ሁለተኛውን ግማሹን ጊዜ ያያል፤ ግማሹን ጊዜ ጅራት ይሸፍነዋል፤ ወይም ሌሊት ወርዶ ጠዋት ከእበቱ ጋር ይጠረጋል። ሦስተኛውንና አራተኛውን አያይም። የሰለጠነ እጅስ? አዳቃዩና ሐኪሙ እጃቸውን በፊንጢጣ አስገብተው ማኅፀኑን በደንዳኔው ግድግዳ በኩል ይዳስሱታል። ይህ ትልቅ ሙያ ነው፤ ማንም እንዳይንቀው። መጠኑንና ውፍረቱን ይለያል። ማኅፀኑ ውስጥ ያለ ጥቂት ፈሳሽ ግን ለጣት አይታወቅም፤ የፈሳሹን ዓይነትማ ጣት ከቶ አይለየውም።

ወደ መሣሪያው እንምጣ። ገደል አፋፍ ቆማችሁ ብትጮኹ ድምፃችሁ ማዶ መትቶ ይመለሳል፤ የገደል ማሚቶ እንለዋለን። ድምፁ ለመመለስ ከቆየበት ጊዜ ተነሥታችሁ ገደሉ ቅርብ ይሁን ሩቅ መገመት ትችላላችሁ። አልትራሳውንድ ይህንኑ ያደርጋል። የሰው ጆሮ በሰከንድ እስከ ሃያ ሺህ ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይሰማል። ለላም ማኅፀን የሚሠራበት መሣሪያ ከ5 እስከ 7.5 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ ይልካል፤ የተመለሰውን ተቀብሎ በስክሪን ላይ ሥዕል ያደርገዋል። ጥቅጥቅ ያለ ነገር ድምፁን ይመልሳል፣ ነጭ ሆኖ ይታያል። ሥጋ ከፊሉን ይመልሳል፣ ግራጫ ይሆናል። ጥርት ያለ ፈሳሽ ያሳልፈዋል፣ ጥቁር ይሆናል። ጨረር የለውም፤ ላሟንም ሰውየውንም አይጎዳም።

መነሻው የፋብሪካ ብረት ነው። በብረት ውስጥ የተደበቀ ስንጥቅ ለመፈለግ የተሠራውን መሣሪያ የማኅፀን ሐኪሙ ኢያን ዶናልድ ግላስጎው ላይ ለሴቶች ሆድ ምርመራ አዋለው፤ ውጤቱንም እ.ኤ.አ. በ1958 አሳተመ። እ.ኤ.አ. በ1980 ፓልመርና ድሪያንኩር የተባሉ ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች መዳሰሻውን በፊንጢጣ አስገብተው የባዝራን ማኅፀን እንዴት እንደሚያዩ ጻፉ። እ.ኤ.አ. በ1984 ደግሞ ፒየርሰንና ጊንተር በአሜሪካ የላምን እንቁልጢ በዚሁ መንገድ አሳዩ። ያን ጊዜ መሣሪያው በጋሪ የሚገፋ ነበር። ዛሬ በአንገት ይንጠለጠላል፤ በባትሪ ይሠራል፤ መብራት በጠፋበት ጋጣም ይገባል።

ምርመራው ምን እንደሚመስል በቅርብ ልንገራችሁ። ቡታጅራ ውስጥ ከሱቅ ጀርባ ያለ ጓሮ እንውሰድ። ላሟ በወለደች ሠላሳኛ ቀኗ ላይ ናት። ራሷ ከግንድ ጋር አጠር ተደርጎ ታስሯል፤ አንድ ሰው ጅራቷን ወደ ጎን ይዟል። ሐኪሙ ክንዱ ድረስ የሚደርስ ጓንት አጥልቆ አስቀድሞ እበቱን ያወጣል። ይህን ካልሠራ ምንም አያይም፤ እበትና አየር ድምፁን አያሳልፉም። ከዚያ ጄል የተቀባውን፣ አውራ ጣት የሚያህለውን መዳሰሻ በእጁ ውስጥ ይዞ ያስገባል። ስክሪኑ ላይ መጀመሪያ የሚመጣው የሽንት ፊኛ ነው፤ ጥቁርና ሰፊ ነው፤ ጀማሪ ሰው ማኅፀን ይመስለዋል። መዳሰሻው ወደ ጎን ሲል የማኅፀኑ በር ይታያል፤ ሐኪሙ ይለካዋል። ከ20 ቀን በኋላ ስፋቱ ከ7.5 ሴንቲ ሜትር በላይ ከሆነ ገና አልተሰበሰበም ማለት ነው። ቀጥሎ የማኅፀኑ ቀንዶች ይመጣሉ። ጤነኛው ቀንድ ተቆርጦ እንደታየ ሁሉ ክብ፣ ግራጫ፣ መካከሉ የተገጠመ ነው። የታመመው መካከሉ አልገጠመም፤ ጥቁር ክፍተት አለው፤ በክፍተቱ ውስጥ ነጫጭ ነጠብጣቦች ይንሳፈፋሉ። ሐኪሙ ቀንዱን በቀስታ ገፋ ሲያደርገው ነጠብጣቦቹ ይታወካሉ። መግል ነው።

ሥራው እዚህ አያልቅም። ሐኪሙ መዳሰሻውን ወደ ሁለቱ እንቁልጢዎች ይወስደዋል። ጥቁር ክብ ፍሬ ካየ ዕንቁላል የሚያድግበት ፎሊክል ነው። ግራጫ ሥጋማ እብጠት ካየ ቢጫው አካል፣ በባለሙያው አፍ ኮርፐስ ሉቲየም ነው፤ ላሟ ዕንቁላል ጥላለች፤ ዑደቷ ተጀምሯል ማለት ነው። ቢጫው አካል ሳይኖር ከ2.5 ሴንቲ ሜትር የበለጠ ፈሳሽ ቋጠሮ ካየ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው። ይህ ሁሉ ለሰለጠነ እጅ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። ባለቤቷም ቆሞ ስክሪኑን ያያል። እኔ ትልቅ ነገር የምለው ይህንን ነው። አዳቃዩን የሚከስስ ሰው መግሉን በዓይኑ ካየ ክርክሩ ያበቃል።

ከታየ በኋላ ምን ይደረጋል? ቢጫው አካል ያለባት፣ መግልም የያዘች ላምን ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሆርሞን ሐኪም ይወጋታል። ሆርሞኑ ቢጫውን አካል ያፈርሰዋል፤ ላሟ ትደራለች፤ የማኅፀኑ በር ይከፈታል፤ ማኅፀኑ ተኮማትሮ መግሉን ያወጣል። ለሌሎቹ ማኅፀን ውስጥ የሚገባ መድኃኒት ሊያስፈልግ ይችላል፤ ለባለ ትኩሳቷም ፀረ ባክቴሪያ መርፌ። የትኛው ለየትኛዋ እንደሚሆን የሚወስነው ሐኪሙ ነው። እኔ ማስጠንቀቂያ ብቻ ልጨምር። ፕሮስታግላንዲን በያዘች ላም ላይ ከተወጋ ያስወርዳታል። ስለዚህ ኮርማ ያገኛት ወይም የተዳቀለች ላም ሳትመረመር አትወጋ። ፀረ ባክቴሪያ የተወጋች ላም ወተትም ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ለሽያጭም ለልጅም አይሰጥም። እርጎውም አይረጋም፤ አይቡም አይወጣም፤ ከሁሉ በላይ ግን ሰውን ይጎዳል።

መሣሪያው ሁሉን አያይም። በድራት ላይ ያለች ጤነኛ ላም ማኅፀኗ ውስጥ ጥርት ያለ ፈሳሽ ይኖራታል፤ ያልለመደ ሰው ሕመም ይለዋል። በእርግዝና መጀመሪያ ላይ ያለውም ፈሳሽ ያሳስታል። ያ ምንም ምልክት የሌለው ሦስተኛው ዓይነት ደግሞ አንዳንዴ ፈሳሽ ስለማይኖረው ከስክሪኑ ያመልጣል፤ እርግጠኛ ለመሆን ከማኅፀኑ ግድግዳ በትንሽ ብሩሽ ሴል ተወስዶ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። ስለዚህ ጥሩ ሐኪም በንጹሕ ጓንት ፈሳሹን አውጥቶ ያያል፣ ያሸትታል፣ ባለቤቷን ቀኑን ይጠይቃል፤ ከዚያ ስክሪኑን ያምናል።

«ይህ ሁሉ ልፋት ለውጥ ያመጣል ወይ?» ለምትሉ፣ በካናዳ ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት ልጥቀስ። ለብላንክና ባልደረቦቹ በ27 መንጋዎች 1,865 ላሞችን ከወሊድ በኋላ ተከታትለዋል። ከወለዱ በኋላ ማኅፀናቸው ታሞ የተገኙት ላሞች የመያዝ ዕድላቸው ከጤነኞቹ በ27 በመቶ ያነሰ ነበር፤ አልይዝ በማለት ከመንጋው የመወገድ ዕድላቸው ደግሞ 1.7 እጥፍ ነበር። የካናዳ ላም የእኛ ላም አይደለችም፤ ጋጣውም መኖውም ይለያል። ነገር ግን የተሻለ መኖ፣ የተሻለ ወለልና የቅርብ ሐኪም ባላቸው መንጋዎች እንዲህ ከሆነ፣ በእኛ ጓሮ ጉዳቱ ያንሳል ብሎ መገመት ከባድ ነው።

መሣሪያው ሳይመጣ ዛሬ ማታ የሚጀመር ሥራ አለ። ላም የምትወልድበትን ወለል አድርቁ፤ ንጹሕ ገለባ ወይም የደረቀ ኮባ አንጥፉ። የቀረ የእንግዴ ልጅ ላይ ድንጋይ ወይም አሮጌ ጫማ አታንጠልጥሉ፤ በእጅም አትጎትቱ። ጉተታው ማኅፀኑን ይቀደዋል፤ የተረፈውም ቁራጭ ውስጥ ይቀራል። ሐኪም ጥሩ። በወለደች በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በየጠዋቱ ትኩሳቷን በቴርሞሜትር ለኩ። ያስወረደች ላም ጽንስና የእንግዴ ልጅ በባዶ እጅ አትንኩ። ብሩሴሎሲስ የሚባለው በሽታ ከላም ወደ ሰው የሚሻገረው በዚህና ባልፈላ ወተት ነው፤ በሰው ላይ ለረጅም ጊዜ የሚመላለስ ትኩሳትና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል። ነፍሰ ጡር እናቶች በተለይ ይጠንቀቁ።

እናቶቼ፣ ስለ እናንተ ለብቻ የምናገረው አለኝ። በዚህ አገር ላሟን የምታልበው፣ ወተቱን የምትንጠው፣ ቅቤውን ለመስቀል የምታጠራቅመው ሴቷ ናት። ጠዋትና ማታ ከላሟ ኋላ ቁጭ የምትለው እሷ ናት፤ ፈሳሹን ቀድማ የምታየው፣ ሽታውንም ቀድማ የምትሰማው እሷ ናት። ሥልጠና ሲጠራ ግን የሚሄደው አባወራው ነው፤ ሐኪም ዘንድ የሚደውለውም እሱ ነው። ቀኑን ሲጠየቅ «ባለፈው ወር ነው መሰለኝ» ይላል። እሷ ቀኑን ከነሰዓቱ ታውቀዋለች። እንግዲህ የሐኪሙ ስልክ ቁጥር በምታልበዋ እጅ ይሁን። ወደ ሥልጠናውም እሷ ትጠራ። ለእኔ ከአልትራሳውንዱ በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው።

ቀኑ መጻፍ አለበት። ለቡታጅራ ሰው መዝገብ እንግዳ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1986 ጀምሮ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ በቡታጅራና በዙሪያዋ ባሉ ቀበሌዎች እያንዳንዱን ልደትና ሞት ቤት ለቤት ሲመዘግቡ ኖረዋል። ከዚያ መዝገብ የወጣው ጥናት በዓለም የሕክምና መጽሔቶች ላይ ታትሟል። ለሰው የተሠራው ለላም ቢሠራ ምን ይጠይቃል? አንድ ደብተር ብቻ ነው። የወለደችበት ቀን፣ የእንግዴ ልጁ የወጣበት ሰዓት፣ ድራት የታየበት ቀን፣ የተዳቀለችበት ቀን። አራት መስመር ነው። ያለዚህ ደብተር በጣም ውዱ መሣሪያ እንኳ ቢመጣ ሐኪሙ ያየው ማኅፀን የስንት ቀን እንደሆነ አያውቅም፤ በ15ኛው ቀን ጤና የሆነው በ35ኛው ቀን ሕመም ነው።

ቀጥሎ የሚነሣው የገንዘብ ጉዳይ ነው። መሣሪያው ውድ ነው። ሁለትና ሦስት ላም ያለው ሰው ለብቻው ይግዛ የሚል የለም፤ ቢገዛውም የሚያነብለት የለውም። ነገር ግን የጉራጌ ሰው ለብቻው የማይችለውን በጋራ መሥራት ማን ያስተምረዋል? ከዓለምገና በቡታጅራ አድርጎ ወደ ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መንገድ በ1950ዎቹ ሲሠራ ሕዝቡ ማኅበር አቋቁሞ ገንዘብ አዋጥቷል። እናቶችስ ወተት በተራ እያዋጡ አንዷ ብዙ ቅቤ እንድታወጣ የሚያደርጉበት የወተት ዕቁብ አላቸው አይደል? ለአንድ መሣሪያም ይኸው መንገድ ይበቃል። የወተት ማኅበሩ ከሚረከበው ከእያንዳንዱ ሊትር ጥቂት ሳንቲም ይያዝ። ለእያንዳንዱ ከተማ አንድ መሣሪያ ይገዛ። በሳምንት በታወቀ ቀን ሐኪሙ ሠፈር በሠፈር ይዙር፤ በዚያ ሳምንት 30ኛ ቀናቸውን የያዙትን ላሞች ይይ፤ በዚያው ዙር የተዳቀሉትን ደግሞ እርግዝና ይመርምር። በእጅ ሲሆን ብዙ ጊዜ ሁለት ወር ገደማ የሚጠበቀው እርግዝና በአልትራሳውንድ ከ28ኛው እስከ 30ኛው ቀን ባለው ጊዜ ይታወቃል። ያልያዘችው ሌላ ድራት ሳታባክን ትታወቃለች።

ሁለት ቅድመ ሁኔታ ግን አስቀምጣለሁ። አንደኛ፣ ሰው ሳይሠለጥን መሣሪያ አይገዛ። ሳጥን ውስጥ አቧራ የሚጠጣ መሣሪያ ከሌለው ይብሳል፤ ሰው «ሞክረነው አልሠራም» ብሎ ተስፋ ይቆርጣል። ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ከ1970ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ ሐኪሞችን ሲያሠለጥን የቆየ ነው፤ ሥልጠና እዚያ ይጠየቅ። ጉብሬ ላይ ያለው ወልቂጤ ዩኒቨርሲቲም ጎረቤታችሁ ነው፤ በሩን አንኳኩ። ሁለተኛ፣ ከጋጣ ወደ ጋጣ የሚዞር መሣሪያ በሽታም ይዞ ሊዞር ይችላል። ለእያንዳንዷ ላም አዲስ ጓንት፣ ለመዳሰሻው አዲስ ሽፋን፣ ለቦት ጫማው ውኃና መድኃኒት። ይህን የማያደርግ ሐኪም ወደ ጓሯችሁ አይግባ፤ መከልከል መብታችሁ ነው።

ለአዳቃዮችም አንድ ነገር ልበል። ይህ መሣሪያ እንጀራችሁን አይወስድም፤ ስማችሁን ያጠራል። ማኅፀኗ ያልዳነ ላም ላይ የተጠቀማችሁት አባለዘር፣ የሄዳችሁበት መንገድ፣ ያጠፋችሁት ናይትሮጅን ሁሉ ኪሳራ ነው፤ ወቀሳው ደግሞ የእናንተ። «30ኛ ቀኗ ታይቷል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። አልታየችም ከተባለ፣ ፈሳሿም ካልጠራ፣ ያንን ድራት አሳልፉት። አንድ ድራት ማሳለፍ 21 ቀን ያስከፍላል፤ የታመመን ማኅፀን ደጋግሞ ማዳቀል ግን ዓመት ያስከፍላል።

ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ ሦስት ነገር እንድትወስኑ እለምናለሁ። አንደኛው በየቤታችሁ ደብተር መክፈት ነው፤ ይህ ነገ ይጀመራል። ሁለተኛው በየማኅበራችሁ ስብሰባ የመሣሪያውን መዋጮ አጀንዳ ማስያዝ ነው፤ ይህ ወራት ይወስዳል። ሦስተኛው አልይዝ ያለች ላም ሳትታይ ወደ ቄራ አለመስደድ ነው። ከታየች በኋላ በእርግጥ የማትድን ከሆነች ሽጧት፤ ማንም አይቆጣችሁም። ሳትታይ ግን «መሲና» አትበሏት። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ ለላማችሁ ያ ጊዜ ከወለደችበት ቀን አንሥቶ ያለው የመጀመሪያው ወር ነው።

 አሁን ጥያቄያችሁን እቀበላለሁ፤ ከሚያልቡት እናቶች እንጀምር።